«የድሮው መርሰዲስ አይሞትም» ይባላል፤ ታዲያ የትኛውን ልግዛ?

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «የምኖረው ፍራንክፈርት ነው። አባቴ በ1980ዎቹ እዚሁ ጀርመን 240 ዲ መርሰዲስ ታክሲ ይነዱ ነበር። እኔም ‹እንደ ድሮው መርሰዲስ የሚሆን የለም› ሲሉ እየሰማሁ ነው ያደግኩት። አሁን 8,000 ዩሮ አጠራቅሜ ሁለት መኪና አግኝቻለሁ። አንዱ የ1994 ኢ 300 ዲዝል ሲሆን 310,000 ኪሎ ሜትር ሄዷል። ሌላው የ2005 ኢ 280 ሲዲአይ ነው፤ 220,000 ሄዷል። ሥራ ቦታዬ 12 ኪሎ ሜትር ላይ ነው፤ ሁለት ትንንሽ ልጆችም አሉኝ። አባቴ ደግሞ ወደፊት አዲስ አበባ ልከነው እዚያ ቢነዱት ይመኛሉ። የትኛውን ልግዛ? የድሮው አይሞትም የሚባለውስ እውነት ነው?»

ወንድሜ፣ መልሱን አስቀድሜ ልንገርህ። ከሁለቱ የ1994ቱን ግዛ፤ ግን ከሥሩ ገብተህ ላሜራው ጤነኛ መሆኑን በዓይንህ ካየህ ብቻ። ላሜራው ከበሰበሰ፣ ሞተሩ እንደ ሰዓት ቢሠራም ተወው። የአባትህ አባባል ከባዶ የመጣ አይደለም። ነገር ግን ሰው ግማሹን ይዞ ግማሹን ይረሳዋል፤ የተረሳው ግማሽ ደግሞ የአንተን ገንዘብ የሚበላው ነው። ስለዚህ ትንሽ ወደ ኋላ ልመልስህ። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ካርል ቤንዝ ባለ ሦስት ጎማ መኪናውን ማንሃይም ከተማ ሆኖ በፈጠራ መብት ያስመዘገበው በጃንዋሪ 29 ቀን 1886 ነው። ባለ አንድ ሲሊንደር ነበር፤ ጉልበቱም አንድ የፈረስ ጉልበት አይሞላም። ሰው ግን አላመነውም፤ ገዢም ጠፋ። በኦገስት 1888 ሚስቱ ቤርታ ሳታማክረው ሁለት ልጆቿን፣ ኦይገንንና ሪቻርድን፣ ይዛ ከማንሃይም ወደ ትውልድ ከተማዋ ፎርትስሃይም ነዳችው። ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ነዳጅ ሲያልቅባት ቪስሎኽ ከሚገኝ መድኃኒት ቤት ሊግሮይን የሚባል የእድፍ ማስለቀቂያ ገዝታ ሞላች። የነዳጁ ቱቦ ሲደፈን በባርኔጣዋ መርፌ ከፈተችው። የእንጨት ፍሬኑ ተበልቶ ሲያልቅ ጫማ ሰፊ ጠርታ ቆዳ አስለበጠችው። ዛሬ የፍሬን ሸራ የምንለው ነገር መነሻው እዚያ መንገድ ላይ ነው። ይህን ታሪክ ለአዲስ ባለ መርሰዲስ ሁሉ እነግራለሁ። መኪናው በመንገዱ ላይ ደጋግሞ ተበላሽቷል፤ ፎርትስሃይም ያደረሰው የያዘችው ሴት ጠባዩን ስለምታውቅ ነው።

«መርሰዲስ» የሚለው ስም የመጣው ከቤንዝ ቤት አይደለም፤ ከተፎካካሪው ነው። ሽቱትጋርት አጠገብ ካንሽታት የነበሩት ጎትሊብ ዳይምለርና ቪልሄልም ማይባኽ በዚያው በ1886 የራሳቸውን ባለ አራት ጎማ ሠርተው ነበር። ፈረንሳይ ውስጥ ኒስ ይኖር የነበረው ነጋዴ ኤሚል የሊኔክ የዳይምለርን መኪኖች እየገዛ ለሀብታሞች ይሸጥ ነበር። በ1900 ዝቅ ያለ፣ ፈጣንና ጠንካራ መኪና አዘዘ፤ ስሙም የልጁ የመርሰዲስ እንዲሆን ጠየቀ። ማይባኽ የሠራለት ባለ 35 የፈረስ ጉልበት መኪና በ1901 ወጣ፤ ስሙ በ1902 በንግድ ምልክትነት ተመዘገበ። ሁለቱ ቤቶች የተዋሃዱት በጁን 1926 ሲሆን ዳይምለር ቤንዝ የተወለደው ያኔ ነው።

ወደ አባትህ መኪና እንምጣ። ይህ ፋብሪካ «260 ዲ» የተባለውን መኪና በ1936 ካወጣ ጀምሮ የናፍጣ ሞተርን ከጭነት መኪና አውርዶ ለቤት መኪና ሲያለማምድ ነው የኖረው። በ1976 የመጣው ደብልዩ 123 (ፋብሪካው እያንዳንዱን የመኪና ትውልድ የሚጠራው እንዲህ ባለ ቁጥር ነው) የዚያ ሁሉ ልምድ ውጤት ነው። 240 ዲ ባለ አራት ሲሊንደር ነው፤ የኋለኞቹ 72 የፈረስ ጉልበት ነበራቸው። ከቆመበት ተነስቶ 100 ለመድረስ ከ20 ሰከንድ በላይ ይፈጅበታል። አባትህ ዳገት ላይ ከኋላቸው ሰልፍ እየያዙ እንደወጡ አልጠራጠርም። ግን ያ ሞተር ከአቅሙ በታች እንዲሠራ ተደርጎ ስለተነደፈ ራሱን አይጎዳም። የናፍጣ ፖምፓው ሜካኒካል ነው። ሞተሩን የሚያጠፋውም በሩን የሚቆልፈውም በቀጭን ቱቦ አየር እየመጠጠ የሚሠራ የቫኪዩም መስመር ነው። አንዷ ቱቦ ስትቀደድ ቁልፉን ነቅለህ ሞተሩ መሥራቱን ይቀጥላል፤ ግን ቱቦዋን በጣትህ ተከትለህ ታገኛታለህ። አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ልጅ ሆኜ ሙያ የጀመርኩት በእነዚህ መኪኖች ነው። ኮፋኖውን ስትከፍት ሞተሩ ራሱ ያስተምርሃል፤ ምን ከምን ጋር እንደሚገናኝ በዓይን ይታያል። ወደ 2.7 ሚሊዮን የሚጠጋ ደብልዩ 123 ተመርቷል። ተፈላጊነቱ እስከዚህ ስለነበር ገዢ ለወራት ወረፋ ይጠብቅ ነበር።

አሁን «አይሞትም» የሚለውን እንየው። ሽቱትጋርት ወደሚገኘው የመርሰዲስ ሙዚየም የገባ፣ የአንድ ግሪካዊ ታክሲ ነጂ የነበረ የ1976 240 ዲ አለ። 4.6 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ሄዷል። ሰው ይህን ቁጥር ሲሰማ ሞተሩ ያን ሁሉ መንገድ ሳይነካ የሄደ ይመስለዋል። አይደለም። ባለቤቱ ሞተሮችን እያፈራረቀ፣ አንዱ ሲደክም ሌላውን እያስገባ፣ የወጣውን እያሳደሰ ነው የነዳው። ያልተቀየረው አካሉና የባለቤቱ ልማድ ነው። የአባትህ ታክሲም ያን ያህል ዕድሜ የኖረው፣ እኔ እንደምገምተው፣ እሳቸው ዘይት የሚቀይሩበትን ቀን ስለማያሳልፉ ነው። ጠይቃቸው፤ የቀየሩበትን ኪሎ ሜትር የጻፉበት ደብተር እንደነበራቸው ይነግሩሃል ብዬ እገምታለሁ። የዚያ ዘመን ባለ ታክሲ ሁሉ ማለት ይቻላል ደብተር ነበረው።

አንተ ያየኸው የ1994ቱ መኪና ደብልዩ 124 ነው፤ በ1984 መጨረሻ የወጣው ትውልድ የመጨረሻ ዘመን ላይ የተሠራ። ንድፉን የመራው ጣሊያናዊው ብሩኖ ሳኮ ነው። በእኔ ዕይታ ፋብሪካው መሐንዲሱ «ይህ ይሁን» ሲል የሒሳብ ክፍሉ ዝም ያለበት ዘመን የመጨረሻ ልጅ እሱ ነው። በሩን ስትዘጋው የሚሰጠው ድምፅ፣ መስታወቱን ከጥግ እስከ ጥግ የሚጠርገው ነጠላ መጥረጊያ፣ ነፋስን እንዲሰነጥቅ ተለክቶ የተሠራው ቅርጽ፤ ሁሉም ሰው ተጨንቆ የሠራው መሆኑ ይታወቅሃል። ሞተሩ ባለ ስድስት ሲሊንደርና ባለ 24 ቫልቭ፣ ኦኤም 606 የሚባለው፣ 136 የፈረስ ጉልበት ያለው ነው። ከሠራኋቸው የናፍጣ ሞተሮች ሁሉ ለዚህ የማደላ ሰው ነኝ። በደንብ ከተያዘ 310,000 ኪሎ ሜትር ለእሱ ብዙ አይደለም።

ሕመሙ ግን አለው። ጠዋት ሞተሩን የሚያሞቁት ካንዴሌታዎች ቴስታታው (የሞተሩ ክዳን) ላይ ተጣብቀው ይቀራሉ፤ በቀዝቃዛው በጉልበት የፈታቸው ሰው ይሰብራቸዋል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የቀናት ነው። ሞተሩን አሙቀህ፣ ዘልቆ የሚገባ ዘይት እየነፋህ፣ በትዕግሥት ነው የሚፈቱት። ናፍጣ የሚያልፍባቸው የፕላስቲክ ቱቦዎች በዕድሜ ይደርቃሉ፤ በትንንሾቹ ማሸጊያ ጎማዎች በኩል አየር ይገባና ጠዋት ረጅም ሞተር ማስነሳት ይሆናል። ርካሽ ነው፤ በአንድ ከሰዓት በኋላ ያልቃል። ሌላው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ፋብሪካው ለሞተር ክፍል የተጠቀመበት የኤሌክትሪክ ሽቦ ነው፤ ልባሱ በሙቀት ይፈረፈራል። በብዛት የሚታወቀው በቤንዚኖቹ ነው፤ ግን የ1994 መኪና ስለሆነ በናፍጣውም ላይ ሽቦውን ጎንበስ አድርገህ እይ። ልባሱ እንደ ደረቅ ቅጠል ከተሰነጠቀ የዋጋ መቀነሻ አገኘህ ማለት ነው።

ትልቁ ነገር ግን ዝገት ነው። ስለራሴ ልንገርህ። ከዓመታት በፊት እንዲህ ያለ አንድ መኪና ለራሴ ገዛሁ። ሞተሩን ሰማሁ፤ ልቤ ቀለጠ። ካምቢዮውን ሞከርኩ፤ እንደ ቅቤ ነው። ከሥሩ ሳይ ጥቁር ሬንጅ በሥርዓት ተቀብቷል፤ «ባለቤቱ ተንከባክቦታል» ብዬ ደስ አለኝ። ከስምንት ወር በኋላ ለምርመራ ስወስደው ተቆጣጣሪው በመዶሻ ጫፍ ነካ ሲያደርገው ሬንጁ ከነሥሩ ወደቀ። ክሪክ የሚተከልበት ቦታ አራቱም ጋ ላሜራው ወረቀት ሆኗል። ቀደም ሲል የሠራው ጋራዥ፣ ስሙን አላነሳም፣ በዝገቱ ላይ ሬንጅ ቀብቶ ነበር የሸኘው። ብየዳው መኪናውን ከገዛሁበት ዋጋ በለጠ። ከዚያ ቀን በኋላ መኪና ስመለከት ኮፋኖ የምከፍተው መጨረሻ ላይ ነው።

ስለዚህ እንዲህ አድርግ። በበሮቹ ሥር በጎን የለበሰውን ፕላስቲክ ሻጩ እንዲያስወልቅልህ ጠይቅ፤ ክሪክ መትከያዎቹን እይ። እምቢ ካለ ምክንያቱን ታውቃለህ። ቀጥሎ የፊት ሞላ መቀመጫዎችን፣ የፓራፋንጎውን ጠርዝ፣ የኋላ ጎማ ቅስቱን፣ የባትሪውን ሥር፣ በሻንጣ ክፍል ውስጥ ምንጣፉን አንስተህ ወለሉን እይ። አዲስ ሬንጅ ካየህ ተጠራጠር። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ፋብሪካው በውሃ የሚቀጥን ቀለም መጠቀም ስለጀመረ የመጨረሻዎቹ ዓመታት ምርቶች ከቀደሙት ይልቅ የሚዝጉት ለዚህ ነው የሚል ሰው በሙያችን ብዙ ነው፤ እኔም በጋራዥ ያየሁት ከዚህ ጋር ይሄዳል።

ከዚህ በኋላ ምን ሆነ ብለህ ትጠይቅ ይሆናል። በ1989 ጃፓኖች ሌክሰስን ይዘው አሜሪካ ገቡ። ጸጥ ያለ፣ የማይበላሽ፣ ዋጋውም የሚቀንስ መኪና ነበር። መርሰዲስ «ዋጋው የሥራው ውጤት ነው» ከሚለው አሠራር ወጥቶ አስቀድሞ ዋጋ ወስኖ መኪናውን በዚያ ልክ ማውጣት ጀመረ። በ1995 የመጣው ባለ አራት ክብ መብራቱ ደብልዩ 210 ሞተሩ ድንቅ ሆኖ አካሉ በዝገት የታወቀ ነው፤ የፊት ሞላ መቀመጫው ሲበሰብስ ሞላው ከቦታው የሚወጣበት ትውልድ ነው። ርካሽ አግኝተህ ልብህ ወደሱ ቢሄድ ያንን ቦታ ሳታይ አትንካው። ፋብሪካው በ1998 ከአሜሪካው ክራይስለር ጋር ተጋባ፤ በ2007 ተለያዩ።

ያየኸው የ2005 ኢ 280 ሲዲአይ ደብልዩ 211 ነው፤ ከ2002 እስከ 2009 የተሠራው። ስትቀመጥበት ከደብልዩ 210 የተሻለ መኪና ነው፤ ዝገቱም ቀንሷል። ግን 2005 አስቸጋሪ ዓመት ነው። በዚያ ዓመት በዚሁ ስም ሁለት የተለያየ ሞተር ተሽጧል። አንደኛው ስድስት ሲሊንደሮቹ በአንድ ረድፍ የተደረደሩ ኦኤም 648፣ ባለ 177 የፈረስ ጉልበት ነው፤ ሁለተኛው ቪ ቅርጽ ያለው ኦኤም 642፣ ባለ 190። የመጀመሪያውን እወደዋለሁ። ሁለተኛው መጥፎ አይደለም፤ ነገር ግን የዘይት ማቀዝቀዣው በቪው መሐል ተቀብሮ ማሸጊያ ጎማው ሲያረጅ ዘይት ያፈሳል። ጎማው ራሱ ጥቂት ዩሮ ነው፤ እሱ ጋ ለመድረስ ግን የሞተሩን ግማሽ ማውረድ ነው። ወረቀቱ ላይ ጉልበቱ 130 ኪሎ ዋት ካለ የመጀመሪያው፣ 140 ካለ ሁለተኛው ነው።

ከሞተሩ ይልቅ የሚያሳስበኝ ፍሬኑ ነው። እነዚህ መኪኖች እስከ 2006 አጋማሽ ኤስቢሲ የሚባል ሥርዓት ነበራቸው። እግርህ ፔዳሉን ሲረግጥ ኮምፒውተር ያነባል፤ ግፊቱን የሚፈጥረው የኤሌክትሪክ ፖምፓ ነው። ሲሠራ ያስደንቃል። ግን በ2004ና በ2005 በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ መኪኖች ለዚህ ጉዳይ ተጠርተው ተመልሰዋል፤ ፋብሪካውም በ2006ቱ ማሻሻያ ወደ ተለመደው ፍሬን ተመለሰ። ክፍሉ ስንት ጊዜ እንደተረገጠ ይቆጥራል፤ ገደቡ ሲሞላ ማስጠንቀቂያው ይበራል፤ መቀየር ነው። እና እባክህ፣ በዚህ መኪና ላይ ፍሬን ሸራ በራስህ ለመቀየር አትሞክር። በር ሲከፈት ብቻ ፖምፓው ነቅቶ ፍሬኑን ሊጨብጠው ይችላል፤ ጣት እዚያ መሐል ካለ የሚሆነውን አስበው። በኮምፒውተር አጥፍቶ የሚሠራ ሰው ዘንድ ውሰደው።

አንተ የምትነዳው በቀን 12 ኪሎ ሜትር ሄደህ 12 መመለስ ነው። ለአዲሶቹ ናፍጣዎች ይህ አጭር መንገድ አይመችም። የጥላሸት ማጣሪያ ካላቸው እየተደፈነ ይሄዳል፤ ሞተሩ ሳይሞቅ ይጠፋል። የ1994ቱም ቢሆን በወር አንድ ሁለት ጊዜ አውቶባን ላይ አውጥተህ ካላሞቅኸው ደስ አይለውም፤ ግን ይታገሣል።

ልጆችህን ሳስብ ግን ልቤ ይከፈላል፤ ይህን ልደብቅህ አልፈልግም። ፍሬን ሲረገጥ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገውን ኤቢኤስን በ1978፣ ኤር ባግን በ1980ዎቹ መግቢያ፣ መኪናው ሲንሸራተት የሚያቀናውን ኢኤስፒን በ1995 ወደ መኪኖቹ ያስገባው ይኸው ፋብሪካ ነው። ግጭት የሚውጠውን የፊት አካል በመሐንዲሱ በቤላ ባሬኒ ሐሳብ በ1959 ለገበያ ያበቃውም እሱ ነው። የ1994ቱ ጠንካራ አካል አለው፣ ኤቢኤስ አለው፤ ግን በጎን በኩል ኤር ባግ የለውም፣ የልጆች መቀመጫ የሚነከስበት አይሶፊክስም የለውም። መቀመጫዎቹን በቀበቶ ነው የምታስራቸው። በዝናብ መሪው ሲያመልጥህ የሚደርስልህ ኢኤስፒ የለም። ባለቤትህና አንተ ተነጋገሩበት። «በዚህ ጉዳይ አንደራደርም» ካላችሁ ሁለቱንም ትታችሁ ከ2006 አጋማሽ በኋላ የተሠራ ኢ 220 ሲዲአይ ፈልጉ። ባለ አራት ሲሊንደር ነው፣ ያ ፍሬን የለበትም፣ ጥገናውም ቀለል ይላል። የልብ መኪና አይሆንም፤ ግን ሌሊት ያስተኛችኋል።

ወደ ወጪው። የ1994ቱ 30 ዓመት ስለሞላው ኤች ታርጋ፣ ማለትም ለጥንታዊ መኪና የሚሰጠውን ታርጋ፣ ማውጣት ይችላል። ባለሙያ መርምሮ መኪናው በመጀመሪያ ሁኔታው ያለና በደንብ የተያዘ መሆኑን ይመሰክራል፤ ግብሩ በዓመት ወደ 192 ዩሮ ይሆናል። ያለ ኤች ታርጋ፣ መኪናው «ዩሮ 1» በሚባለው የጭስ ደረጃ ከተመዘገበ፣ ግብሩ ከ800 ዩሮ በላይ ነው። ኤች ያለው፣ ጭሳቸው አነስተኛ ለሆኑ መኪኖች ከሚሰጠው አረንጓዴ ስቲከር ግዴታ ነጻ ስለሆነ ፍራንክፈርት መሐል ከተማ መግባት አይከለከልም። አንድ ነገር ብቻ፦ ለጥንታዊ መኪና ርካሽ የሚሰጡት ኢንሹራንሶች ብዙዎቹ ለየቀኑ ሥራ ሌላ መኪና እንዲኖርህ ይጠይቃሉ። ሳትጠይቅ አትፈርም። 8,000ውን ሁሉ ለሻጩ አትስጥ፤ 2,000 አስቀር። የመጀመሪያው ዓመት ይበላዋል። የካምቢዮ ዘይት፣ የጎማ ማያያዣዎች፣ ራዲያተር፣ የፊት እግር መገጣጠሚያዎች። ካምቢዮው ዘይት አይፈልግም የሚልህን አትስማ፤ በየ60,000 ኪሎ ሜትሩ ቀይር። መለዋወጫ አሁንም ይገኛል፤ ፋብሪካው ፌልባኽ ውስጥ ለአሮጌ ሞዴሎች ብቻ ያቋቋመው ማዕከል አለው፤ ዋጋው ግን በየዓመቱ ይጨምራል።

አዲስ አበባ መላኩን በተመለከተ፣ ለአባትህ ይህን መናገር ያሳዝነኛል፤ አይሆንም። በ2020 የወጣው የኤክሳይዝ ሕግ በአሮጌ መኪና ላይ የጣለው ግብር ከመኪናው ዋጋ ብዙ እጥፍ ያደርገዋል። በ2024 መጀመሪያ ደግሞ ኤሌክትሪክ ያልሆነ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ተከለከለ። ስለዚህ መኪናውን እዚሁ ለመንዳት ብለህ ግዛው። እሳቸው ወደ አንተ ሲመጡ ቁልፉን ስጣቸውና አውቶባን ላይ ያውጡት፤ ለሞተሩም የሚያስፈልገው ያ ነው።

ከመግዛትህ በፊት የሦስት ቦታ ፎቶ ላክልኝ፦ ፕላስቲኩ የተነሳበትን የክሪክ መትከያ አራቱንም፣ የፊት ሞላ መቀመጫውን፣ ከኮፋኖ ሥር ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ሽቦ። ሞተሩንም ጠዋት ሻጩ ሳያሞቀው ደርሰህ ስታስነሳው በስልክህ ቅዳልኝ። አስቀድሞ ሞቆ ከጠበቀህ ሌላ ቀን ቀጠሮ ያዝ።